የወፍ በሽታና የአስተርጓሚዋ ቃል

ወይዘሮ ዘውድነሽ ማስረሻ አዳማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነው ሠርተው ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። የምስክሩን ኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ የጠያቂውን አማርኛ ወደ ኦሮምኛ ሲያመላልሱ ከሰው ቃል ላይ ጨምረውም ቀንሰውም አያውቁም ይባልላቸዋል። ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም አይባልም። ችግሩ ሥራው ከጡረታ በኋላም አለመልቀቁ ነው። ጎረቤት «ልጅሽ ቤት አገኘ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «አገኘ» ይላሉ፤ የት፣ በስንት፣ ከማን ጋር የሚለው አይከተልም። ወሬ ፈልጎ የመጣ ሰው ባዶውን ይመለሳል።

በፋሲካ ማግስት ባቱ የሚኖሩትን ታላቅ ወንድማቸውን አቶ አስፋውን ስትሮክ መታቸው። ዕድሜ ልካቸውን የዓሣ መረብ ሲሸጡ የኖሩ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ዛሬ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ «ዘውዴ» ለማለትም ሦስት ጊዜ ይጀምራሉ። ኮሌስትሮላቸው ለዓመታት ከፍ ብሎ መኖሩ የታወቀው ከወደቁ በኋላ ነው። ነገሩ በዘር ሊሄድ ስለሚችል እህትየዋም ይመርመሩ ተባለ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ሲያመነቱ ከርመው ነሐሴ ላይ ተመረመሩ፤ የእሳቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባቸው። ጠዋት ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ ግራ እጃቸውን ይጨብጣሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ከዚያ «አስፋው» ብለው ለራሳቸው ይጠራሉ፤ ምላሳቸው እንዳልተሳሰረ ለማረጋገጥ ነው። የኮሌስትሮል መድኃኒት በእጃቸው ካላስገቡ እንቅልፍ አልመጣ አላቸው።

ክሊኒክ ውስጥ የተቀበላቸው ዶክተር ሁንዴ ገና ልጅ እግር ነው፤ ነገር ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የኮሌስትሮል መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ ብሎ ካርዱን ከፍቶ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። የኩላሊት ችግር አለብዎት? የለም። እንቅርት? የለም። ሳይደክሙ ጡንቻዎን ያምዎታል? አያመኝም። አልኮል ይጠጣሉ? አልጠጣም። እርግዝናም ቅጹ ላይ ስለነበረ ጠየቃቸው። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሳይስቁ «የለም» አሉ።

«የጉበት በሽታ ይዞዎት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ዓይናቸውን ከሐኪሙ ወደ ካርዱ አዞሩ። «የለም» አሉ።

የጉበት የደም ምርመራ ማድረግ ነበረበት፤ የላቦራቶሪው መመርመሪያ ኬሚካል አልቆ ሳምንት ሙሉ አልመጣም። ሴትዮዋም ቃላቸው የሚታመን፣ መልሳቸው የጠራ ነው። እንደመጣ ይመረመራሉ ብሎ መድኃኒቱን ጻፈላቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ።

ፋርማሲው መንገድ ተሻግሮ ነው። ባለሙያዋ ቀመሪያ የባቱ ልጅ ናት፤ የአቶ አስፋውንም ነገር ሰምታለች። መድኃኒቱን አውጥታ ልታሽግ ስትል ቀና ብላ አየቻቸው።

«እናቴ፣ የወፍ በሽታ ይዞዎት ያውቃል?»

«ሰኔ ላይ ይዞኝ ነበር። ዓይኔ ቢጫ ሆኖ፣ ምግብ አስጠልቶኝ። አቦምሳ ሄጄ ታክሜ ለቀቀኝ።»

ቀመሪያ እሽጉን ወደ ራሷ መለሰችው። «የወፍ በሽታ የሚሉት እኮ ጉበት ነው» አለቻቸው።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ደማቸው ፈላ። የበሽታውን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ያውቁታል፤ በሁለቱም ወፍ ነው፣ ጉበት የሚል ነገር በአንዱም የለበትም። የሌሊት ወፍ በላዩ ያለፈችበት ሰው ይታመማል፣ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ያድነዋል፣ አለቀ። መድኃኒቴን ስጪኝ ብለው ተቆጡ። ቀመሪያ ግን አልተበገረችም። መድኃኒቱ ለብዙ ሰው ደግ መሆኑን፣ ጉበት በታመመበት ሰዓት ሲጀመር ግን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳቻቸው፤ የሚመረመሩበትን ሌላ ላቦራቶሪ ጽፋ ሰጠቻቸው። ባጃጅ ውስጥ ሆነው ሲሄዱ ግራ እጃቸውን እየጨበጡ ይዘረጉ ነበር።

ውጤቱ በማግስቱ ደረሰ። ቫይረስ አልተገኘም። የጉበታቸው ቁጥር ግን መሆን ከሚገባው አራት እጥፍ ነበር።

ዶክተር ሁንዴ የወፍ በሽታውን ነገር ከቀመሪያ ሰምቶ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። በጠየቀበት ቃል አፈረ፤ ከእንግዲህ ጉበት ብቻ ብዬ አልጠይቅም አለ። ምርመራውን ሳላይ መጻፍም አልነበረብኝም አለ። ቀጥሎ ያሳሰበው ሌላ ነገር ነበር። በሽታው ከለቀቃቸው ሁለት ወር ሞልቶታል፤ ቁጥሩ እስካሁን ወደ ቦታው መመለስ ነበረበት። ጉበቱን ዛሬም የሚያስቆጣው ነገር ምን ይሆን ብሎ ለራሱ አጉረመረመ።

ጥያቄው ለእሳቸው አልነበረም። ወይዘሮ ዘውድነሽ ያልተጠየቁትን መልሰው አያውቁም። ፍቅራቸው፣ ኀዘናቸው፣ ባለቤታቸውን የቀበሩበት ሳምንት እንኳ ካልተጠየቁ አልወጣም። አሁን ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና ተናገሩ።

«ዶክተር፣ ስለ ጉበቱ አላወቅሁም። ስለ ቅጠሉ ግን አውቄ ነው የዘለልኩት። የአቦምሳው ሰውዬ በሃይላንድ ጠርሙስ እየሞላ የሚሰጠኝን የቅጠል ውሃ ዛሬም ጠዋት ጠዋት አንድ ሲኒ እጠጣለሁ፤ የመጨረሻው ግማሽ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ሌላ መድኃኒት ሲሉኝ ሃይላንዱ ዓይኔ ላይ መጣ። የጠየቁኝ የፋርማሲውን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ብነግርዎት ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ። እንደ አስፋው መሆን ፈርቼ ነው።»

ሐኪሙ አልተቆጣቸውም። ቅጠሉን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ በስድስት ሳምንት ደግመን እናያለን፣ ቁጥሩ ሲወርድ መድኃኒቱን በትንሹ እንጀምራለን አላቸው። እስከዚያ ቅባት ቀንሰው በእግራቸው እንዲሄዱ መከራቸው። ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ጡንቻቸው ያለ ምክንያት ቢታመም፣ ሽንታቸው ቢጠቁር ወይም ዓይናቸው ቢጫ ቢሆን ሳያድሩ እንዲመጡ ነገራቸው። ከዚያ ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመረ።

ወይዘሮ ዘውድነሽ ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቁ። ምስክር ቃሉ ሳይነበብለት አይፈርምም።

«ያንብቡልኝ» አሉት።

በእንግሊዝኛ የጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበላቸው፤ የወፍ በሽታው ከነወሩ፣ ቅጠሉ ከነሲኒው አለ። መጨረሻው ላይ «ታካሚዋ ቅጠሉን በመጀመሪያው ቀን ረስተው አልተናገሩም» ይላል። ለክብራቸው አስቦ የጨመረው ነው።

«ረስተው አላልኩም» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። «ፈርተው ይበሉት።»

ዶክተር ሁንዴ ቃሉን ሰርዞ አስተካከለው፤ እንደገናም አነበበላቸው።

«አሁን ትክክል ነው» አሉና ተነሡ።