ያለ በር የከረምንበት ቤት

ባለፈው ሳምንት አናጢው የጓዳውን በር ነቅሎ ግቢው መሃል አጋደመና ምሳውን ሊበላ ወጣ፤ እኔ ደግሞ የታጠበ ልብስ ይዤ ወደ ማስጫው ስሄድ ድንገት አየሁትና እግሬ ባለበት ቀረ። በር ተጋድሞ ማየት አልወድም። የልጅ ልጄ ትስቅብኛለች፤ «እማማ ደግሞ፣ ከበር ጋር ምን አጣላሽ?» ትለኛለች። በር የሚቆም ነገር ነው፤ ከተጋደመ አንድ ሰው ሊተኛበት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ቢሆንም ዞር ዞር ብዬ የሚያየኝ አለመኖሩን አረጋገጥኩና ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ ፀሐይ የመታው አሮጌ ጣውላ፣ የዛገ ማጠፊያ፣ የተላላጠ የድሮ ቀለም። የጎደለው ጨው ብቻ ነው። የአሰቡ በራችን ምላስ ላይ የሚቀር ጨው ነበረው፤ ሲሰለቸኝ እልሰው ስለነበር አውቃለሁ።

ያኔ ወይ ዘጠኝ ወይ አስር ዓመቴ ነው። አባቴ ከደሴ ተዛውሮ የወደቡ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ነበር፤ እኛም ተከትለነው ወርደን፣ ግድግዳው ጣውላ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ባለ አንድ ክፍል ቤት እንኖር ነበር። ሙቀቱ አይነገርም። እናቴ ከደሴ ቅቤ ባስላከች ቁጥር እንደ ውሃ ፈሶ ይደርሳትና፣ የላከችላትን የገዛ እህቷን «ከላዩ ቀንሳለች» ብላ ትጠረጥር ነበር። እኔም ዝናብ በማያውቀው አገር ዘነበች የሚል ስም ይዤ መጥቼ የሠፈሩ ልጆች መሳቂያ ነበርኩ። አባቴማ መጠርጠር ሥራው ነው። ጆንያ ሲያይ በጣቱ ወጋ ያደርገዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ከፊቱ በፊት እጁን ያያል፤ ከሥራ ሲገባ እንኳ የገዛ በሩን ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጎ መዘጋቱን ካላየ ቁጭ አይልም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ እኔ ያለ በር ያስቀረሁት።

ከቤታችን ፊት ለፊት የአብዬ ይማም ሱቅ ነበረ። አብዬ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ በጉብዝናቸው ለንግድ ወርደው እዚያው የቀሩ፣ አፋርኛውንም ዐረብኛውንም እንደ አማርኛቸው የሚያንበለብሉት። ሁመድ የሚባል አፋር በሳምንት ሁለት ቀን እንጨትና የሰሌን ምንጣፍ በግመል ያመጣላቸዋል፤ ግመሉን ሱቁ ደጃፍ ላይ ያንበረክክና ጭነቱን አራግፎ፣ ውስጥ ገብቶ ሻይ ይጠጣል። ያን ቀንም እንደዚያው አደረገ። አብዬ ይማም በጓሮ በኩል እንጨት ይደረድራሉ፤ ግመሉ ባዶ ኮርቻውን እንደተሸከመ ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ግማሽ ከድኖ ያመሰኳል። እኔ ደሴ እያለሁ የአያቴ በቅሎ ላይ ተቀምጬ ስለማውቅ ግመል ከበቅሎ የሚለየው በቁመቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከተንበረከከ ደግሞ ቁመቱስ የት አለና! ወጣሁ። ሁመድ እንደሚያደርገው አንገቱን በተረከዜ ነካ አደረግኩት። ግመል ከኋላው ነው የሚነሳው፤ ወደ ፊት ተወርውሬ የኮርቻውን እንጨት አቅፌ ተረፍኩ። በቃ ተነሳልኝ ብዬ እጄን ለቅቄ ላጨበጭብ ስል የፊቱ ተነሳ፤ እኔም በጀርባዬ የሱቁ የድንጋይ ደረጃ ላይ ወረድኩ። ሕመም አልተሰማኝም፤ የሚያስፈራውም ይሄ ነበር። ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆኖ አጠገቤ ተኝቷል።

ከጤና ጣቢያው የተጠራው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው፣ መጥቶ እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፤ የጠፍር አልጋ ይረግባል፣ ጠንካራና ዝርግ ነገር ላይ በጀርባዋ ትተኛ፣ ሦስት ወርም ይፍጅ አራት እንዳትነሳ አለ። እኔን የሚያህል ዝርግ ጣውላ በቤታችን አንድ ብቻ ነበረ። አባቴ በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ ባዶ የሳሙና ሣጥኖች ላይ አጋደመው፤ በበሩ ቦታ ጆንያ ተሰቀለ። ከዚያ ላዬ ላይ ጎንበስ አለና «ማነው ግመሉ ላይ ያወጣሽ?» አለኝ። ወጣሽ ወይ አላለም፤ ማነው ያወጣሽ ነው ያለው። መልሱን ከነጥያቄው አዘጋጅቶ ሰጠኝ። ቀበቶው ፊት ለፊቴ ነው።

«እሱ» አልኩ።

ሁመድ ሻይ እየጠጣሁ ነበር ቢል ማን ሰምቶት! አብዬ ይማም ጓሮ ነበርኩ፣ አላየሁም አሉ። ግመሉ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ታሰረ፤ ሁመድም ልጅቷ እስክትድን ወይም የሚሆነው እስኪሆን ከከተማው እንዳይወጣ ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ጆንያው ተገለጠና የሁመድ ጥላ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። አብዬ ይማምን ለማስተርጎም ይዞ መጥቶ፣ ሳይገባ ደፉ ላይ ቁጢጥ አለ፤ ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። እንቅልፍ ወስዷታል ወይ? ፊቷን በየት በኩል አዙራ? ምን በላች? ጣቷ ተነቃንቋል ወይ? ትልቁ ነው ትንሹ? ሽንቷ ሲመጣ ይታወቃታል ወይ?

እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ብድግ አለች። «አብዬ ይማም፣ የልጄ ሽንት ምን አገባው ይበሉልኝ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ እታለም፣ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው እንጂ። ወላሂ፣ እኔም አፍሬያለሁ» አሉ አብዬ ይማም።

ሁመድ አልተቆጣም። መልሱን እስኪያገኝ ጠበቀ፤ አንዱን አግኝቶ ሌላውን ካላገኘ አይነሳም። በማግስቱ መጣ። በማግስቱም። አውሮፕላኑ ሊያርፍ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍና ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ፣ እሱ ደፉ ላይ ሆኖ ድምፁ እስኪያልፍ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል።

ያ ቤት ያኔ በጥርጣሬ ታምሶ ነበር። እናቴ ዓይኑ ነው ብላ ትራሴ ሥር መቀስ ደበቀች፤ እሱ በሄደ ቁጥር የተቀመጠበትን ደፍ ውሃ ትደፋበታለች። አባቴ ደግሞ ሁመድ ቀን እየቆጠረ ነው ባይ ነው፤ የምሞት ከመሰለው ከፖሊሱ ቀድሞ ወደ ፈረንሳዮቹ ግዛት ሊሻገር። ጎረቤቶቹም ጆንያውን ገልጠው እኔን ጠይቀው ሲወጡ ሹክ ሹክ ይላሉ። ከሁሉም ግን የእኔ ይብስ ነበር፤ እሱ ምን እንደሚያውቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነኛ። አንድ ቀን አብዬ ይማምን «ይቺ ልጅ ዋሽታለች በላቸው» ይላቸዋል እያልኩ፣ አፋርኛው ወደ አማርኛ እስኪገለበጥ ድረስ ያለችውን ትንሽ ጊዜ ትንፋሼን ይዤ አሳልፋት ነበር።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ነገሩ ተለወጠ። ሁመድ መጠየቁን ትቶ ማዘዝ ጀመረ። ትራሷ ይውጣ፣ ጎንና ጎኗ አሸዋ በሞላ ከረጢት ይደገፍ፣ ጣቶቿን በየተራ እጠፉ ዘርጉ። ትራሱ ሲነሳ መቀሱ ጣውላው ላይ ቃ! ብሎ ታየ። ሁመድ መቀሱን አየ፣ እናቴን አየ። እናቴ በአፍረት «ልብስ ስጠግን እኮ ነው» አለች፤ ማንም አልጠየቃት።

አባቴ ግን ተነሳ። «ማነው ይሄን ሁሉ ያለው?»

«ራሔይታ ያለች ወጌሻ ነች አለ። ሃሊማ የምትባል አሮጊት» አሉ አብዬ ይማም።

«ራሔይታ በእግር ሁለት ቀን ነው፤ ይሄ ሰውዬ ከከተማ አይወጣ! እየዋሸን ነው።»

አብዬ ይማም ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብለው ያስረዱት። አፋርና አፋር መንገድ ላይ ከተገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ጥላ ፈልገው ይቀመጡና አንዱ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ዳጉ ይሉታል። ሁመድ ከእኛ ቤት የወሰደውን ከተማ ጥግ ለምታገኘው ፍየል ነጂ ይነግራታል፤ እሷ ለዓሣ አጥማጁ፤ እሱ ለሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ የእኔ ትልቅ ጣት ራሔይታ ይደርሳል፤ የአሮጊቷም መልስ በዚያው መንገድ ይመለሳል። «በዳጉ የዋሸ ሰው ሁለተኛ ወሬ አይጠየቅም» አሉ አብዬ ይማም። አባቴ «ወሬ እንደ ጆንያ በጣት አይወጋ!» አለና ወጣ። ትራሴ ግን አልተመለሰም።

መልሱ አራትና አምስት ቀን ቆይቶ ስለሚመጣ፣ ላላመመኝ ሆድ መድኃኒት የሚታዘዝበት፣ ከረሳነው ሳል ተጠንቀቁ የሚባልበት ቀን ነበረ። እኔም ቀስ በቀስ መጠየቁን ለመድኩት፤ እንዲያውም የምመልሰው እንዳላጣ ቀኑን ሙሉ ራሴን ሳዳምጥ እውላለሁ። የቀኝ ትልቁ ጣቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነቃነቀልኝ ቀን ግን ደበቅኩት። ከዳንኩ ቀበቶው አለ ብዬ እጠረጥራለኋ! እናቴ አጠገቤ ሆና አላየችም። ሁመድ ግን ፊቴን አይቶ አያውቅም፤ እግሬን ነው የሚያየው፤ ከደፉ ሆኖ ጮኸ። እናቴ አለቀሰች፤ እያለቀሰች በኩባያ ውሃ ሰጠችው፤ ሲሄድ ኩባያውን ሦስት ጊዜ አጠበችው።

በምርኩዝ ስነሳ አባቴ ሴትዮዋ መኖሯን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አለ። ሁመድ በዋስ እንዲወጣ አድርጎ፣ እኔንና አብዬ ይማምን ጨምሮ በዓሣ ጀልባ ራሔይታ ወረድን። ነበረች። የሰሌን ዳስ ውስጥ ተቀምጣ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ደመና ለብሰው። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰችና የግራ ትንሿ ላይ ስትደርስ ሳቀች።

«የዘገየችው ይቺ ነች ትላለች» አሉ አብዬ ይማም። አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።

ከዚያ የሠፈሩ ሰው ዙሪያችንን ተቀመጠ። አብዬ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «ዘነቡ፣ መጥተሻልና ወሬሽን ንገሪን ትላለች። ከመጀመሪያው ጀምረሽ፣ ያየሽውን ብቻ።»

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እግሬን ያውቀዋል። ሦስት ወር ሙሉ ሲቀባበለኝ የከረመ ሰው ነው። ሁመድ ከዳሱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ እንደ ደፋችን፣ መሬት መሬት ያያል። ግመሉ ተንበርክኮ ነበር አልኩ። ማንም አልነበረም አልኩ። ራሴ ነኝ የወጣሁት አልኩ።

አብዬ ይማም አባቴን ቀና ብለው አዩና ተረጎሙት። አሮጊቷ ጥቂት አዳመጠች፤ ከዚያ የመለሰችው አጭር ነበር።

«እሱን ከመጀመሪያው ወሬ ጋር ሰምተነዋል፣ ልጅቷ ፈርታ ነው ተብሎ መጥቷል ትላለች። ሌላስ ምን አለ?»

አባቴ እኔን አልመታኝም። ስንመለስ ባሕሩ ላይ የጀልባውን ገመድ ቋጠሮ ብቻ እየደጋገመ ይነካ ነበር።

በማግስቱ ግመሉን ሊያስፈታ ሲሄድ እኔም በምርኩዜ ተከተልኩ። አንድ እግሩን በገመድ ታስሮ፣ ጥላ በሌለበት ነበር የከረመው፤ ገመዱ ቆዳውን በልቶ ገብቷል፤ ሻኛው ወደ ጎን ተኝቷል። ሁመድ ገመዱን ፈታና አንበረከከው። ተነስ ሲለው የኋላው ተነሳ። የፊቱ አልተነሳም። ሁመድ በአንገቱ ሥር ገብቶ በትከሻው ቢደግፈውም አልተነሳም። ያረዱት በዚያው ሳምንት ነው። ስለ ካሣው ትልልቆቹ በአብዬ ይማም በኩል ተነጋግረው ጨረሱት ሲባል ሰማሁ፤ እኔ ፊት ግን አልተነሳም።

በራችን ተመልሶ ተሰቀለ። አባቴ ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጎ ቁጭ አለ። ትምህርት ቤት ልገባበት የነበረው ዓመት በጀርባዬ አለፈ፤ የሚቀጥለው ደግሞ ወገቧ አይችልም ተብሎ ቀረ። ሁመድም ከዚያ ወዲያ ደፋችን ላይ አልተቀመጠም። ብዙ ቆይቼ አንድ ጊዜ አየሁት፤ እንጨቱን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ወደ ሱቁ ሲያልፍ፣ እኔ ደጃፍ ቆሜ። ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። እግሬን አየ፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ስራመድም አረማመዴን እስኪጨርስ አየና አለፈ። ወሬው ለእሱ አልቆ ነበር። ደግ ስለሆነ ነበር የተመላለሰው እንዳልል፣ እኔን ሲያይ የሚወደኝ አይመስልም ነበር፤ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ መተው ስለማይችል ነው ብዬ ነው እስከ ዛሬ የማስበው።

አናጢው ከምሳ ሲመለስ በሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ አገኘኝ። «እማማ፣ ምን ሆኑ? አመመዎት እንዴ?» አለኝ። የግራ ትንሿ ዛሬም ትዘገያለች። ምንም አልሆንኩም አልኩት፤ በዐይኑ ጠርጥሮኝ መዶሻውን አነሳ።

ያን ሁሉ ጊዜ ያ ሰው ደፋችን ላይ ተቀምጦ ስለ ጣቶቼ አንድ በአንድ ሲጠይቅ፣ ከእኛ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ግመልህስ በላ ወይ፣ ጠጣ ወይ፣ የትኛውን እግሩን ነው የታሰረው ብሎ አልጠየቀውም።