ፊት ያለው የባሕር ጃርት

ያን ሠንጠረዥ እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። አምስት ረድፍ ነበረው፦ ኮከብ ዓሣ፣ ተሰባሪ ኮከብ፣ የባሕር ጃርት፣ የባሕር ኪያር፣ የባሕር አበባ። ከሁሉም በላይ የጋራ ጠባያቸውን በቀይ ጠመኔ ጻፍሁ፦ «አካላቸው በአምስት ይከፈላል፤ ፊትና ኋላ የላቸውም።» ማስተማር ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ነገር ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያመልጠኝ አይመስለኝም ነበር።

የማስተምረው ከዓባይ ገደል በላይ ባለችው በአምበር ከተማ ነው። ከተማሪዎቼ ባሕር ያየ አንድም የለም፤ እኔም ደምበጫ ያደግሁ ነኝ፣ አላየሁም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማስረዳቱ በአማርኛ ነው። ሥዕሎቹ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ስለነበሩ ኮከቡም ጃርቱም ጥላሸት መስለዋል።

«መምህር፣ ኪያርና አበባ እንዴት የጃርት ዘመድ ይሆናሉ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ስማቸውን ተወውና አምስትን ቁጠር። ሁሉም እንስሳት ናቸው፤ ሁሉም በአምስት ይከፈላሉ።»

«የኔም ጣት አምስት ነው። ልግባ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የሚቀጥለውን አንቀጽ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። እነዚህ ፍጥረታት ከቀንድ አውጣ ይልቅ አከርካሪ ላለን ለእኛ ይቀርባሉ ይላል፤ ምስክሩም የፅንሳቸው አስተዳደግ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። አንገት የለው፣ አንጎል የለው፣ በየት በኩል እንደሚዛመደኝ አልገባኝም። አንቀጹን ዘለልሁት።

የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ ከአካባቢያችሁ አንድ ነገር አምጥታችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አስረዱ፣ ከአሥር ይታረማል አልሁ። የአንበጣ ክንፍ መጣ፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት መጣ፤ በጠርሙስ የታሸገ ሸረሪትም መጣ። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ደግሞ ጭብጥ የምታህል ክብ ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ባለ አምስት ቅጠል አበባ አለ።

«የባሕር ጃርት ነው» አለች።

«እሾሁ የታለ?»

«ረግፎ ይሆናላ።»

«ከየት አመጣሽው?»

«አባቴ ነው ከቆላ ያመጣው። ከዓባይ ገደል።»

አባቷን አውቃቸዋለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን አጥር የገነቡት እሳቸው ናቸው። በአንዴ ነገሩ ሁሉ በራሴ ውስጥ ተራ ያዘ። አንደኛ፣ እዚህ ባሕር የለም። ሁለተኛ፣ የባሕር ጃርት እሾህ አለው። ሦስተኛ፣ አባቷ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው።

«የአባትሽን የእጅ ሥራ ለኔ አታምጪ» አልኋትና ዜሮ ጻፍሁ።

«የመሮ ጃርት!» ብሎ ጮኸ ያ የኋላው ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ድንጋዩን በነጠላዋ ጠቅልላ ተቀመጠች። በማግሥቱ አልመጣችም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም።

በአራተኛው ቀን አባቷ መጡ። በጆንያ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ከትከሻቸው አውርደው ከመምህራን ማረፊያው ደጃፍ አኖሩ።

«መምህሩ እርስዎ ነዎት?»

በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው አንቱ ሲለኝ ደነገጥሁ። «አንተ ይበሉኝ አባባ።»

«አልልም። ልጄ ዳግመኛ ትምህርት ቤት አልረግጥም ብላ ተቀምጣለች። ውሸታም ተብያለሁ ነው የምትለው። እኔስ ብሆን፣ እንዲህ አድርጌ መጥረብ ብችል የእናንተን አጥር ስደረድር እገኝ ነበር?»

ጆንያውን ፈቱት። ያልተጠረበ የኖራ ድንጋይ ነበር። ከጎኑ ያው ባለ አምስት ቅጠል አበባ ብቅ ብሏል፤ ግማሹ ግን አለቱ ውስጥ እንደተቀበረ ነው።

«እስቲ ይንገሩኝ፣ ይኼን ማን ጠረበው? ገና ተወልዶ አላለቀም እኮ!»

ተንበርክኬ በጣቴ ዳሰስሁት። ነጠብጣቦቹ ወደ አለቱ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ። «ምናልባት ውሃ ሲያንጠባጥብበት…» ብዬ ማስረዳት ጀመርሁና ተውሁት። ኔትወርክ የሚገኘው ባንዲራው ሥር ነውና ወደዚያ ሄጄ በስልኬ ፈለግሁ። እሾሁ የረገፈ የባሕር ጃርት ፎቶ መጣ። ነጠብጣቦቹ ቀጫጭን እግሮቹ የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። የኖራ ድንጋይ ባሕር ወለል ላይ እንደሚሠራ ኮሌጅ ተምሬያለሁ፤ ፈተናም መልሼዋለሁ። ነገር ግን እሱ በጂኦግራፊ ደብተሬ ነበር የተጻፈው። ሁለቱ ደብተሮች ተገናኝተው አያውቁም። ታዲያ ይህ አገር ባሕር ነበር ማለት ነው? መሬቱን ረገጥ ረገጥ አደረግሁት።

ተመልሼ «ልጅዎ እውነቷን ነው፤ የባሕር ጃርት ነው» አልኋቸው።

«እሱንማ እሷ ነግራኛለች።» የልጅቷን ድንጋይ ከኪሳቸው አወጡ። «ይኼው፣ ፊቱም ወዲህ ነው።»

«ይህ ወገን እንኳ ፊትና ኋላ የለውም» አልሁ እንደ ልማዴ።

«እኔ ፊት የሌለው ድንጋይ አላጋጠመኝም።» ገለበጡት። ከሥሩ አፉ ወደ አንድ ወገን ሸሽቷል፤ በተቃራኒው ጠርዝ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ አለ። «በዚህ በልቶ በዚያ የሚያወጣ ፊት ከሌለው፣ ማን ሊኖረው ነው?»

እንደገና ወደ ባንዲራው ሄድሁ። እውነትም አሸዋ ውስጥ እየቆፈሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ፣ ፊትና ኋላ ያላቸው የባሕር ጃርቶች አሉ። እጭ ሳሉ እንደኛ ግራና ቀኝ አላቸው፤ ሲያድጉ በአምስት ይከፈላሉ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ተመልሰው ፊት ያወጣሉ።

«ነገ ትምጣ» አልኋቸው። «ዜሮውን በክፍሉ ፊት አነሳላታለሁ።»

«ዜሮውንማ ቢሮ ሆነውም ያነሱታል። በክፍሉ ፊት የሚያነሱት ሳቁን ነው።»

በማግሥቱ መጣች፤ ግን የተቀመጠችው ከመጨረሻው ረድፍ ጥግ ነው። ሠንጠረዡን እንደገና ሰሌዳው ላይ ሠርቼ ጠብቄያለሁ። ለክፍሉ ተናገርሁ፦ ድንጋዩን ማንም አልጠረበውም፤ እኔ መጽሐፍ ይዤ ያላወቅሁትን እሷ ያለ እሾሁ አውቃዋለች፤ ያሳቅሁባትም እኔ ነኝ። ወደ እሷ ዞሬም «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። «ከአሥር አሥር» አልሁ። ማንም አልሳቀም። የኋላው ልጅ አንገቱን ደፋ።

እሷ ተነሣች። «መምህር፣ አባቴ ፊት አለው ይላል። ሰሌዳው ግን የላቸውም ይላል።»

«አባትሽ ልክ ናቸው።»

«ሰሌዳውስ?»

«ሰሌዳውም… ለብዙዎቹ ልክ ነው።»

ወደ ፊት መጥታ ጠመኔ አነሣች። በሦስተኛው ረድፍ ድንጋዩን ሣለችና ከአጠገቡ «ይኼኛው ፊት አለው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ ጥጉ አልተመለሰችም፤ መስኮቱ አጠገብ ወዳለው የድሮ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች። እኔ ዳስተር ይዤ ቆሜያለሁ። ከላይ በቀይ የእኔ፣ ከታች በነጭ የእሷ። የትኛውን እንደማጠፋ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ ደወሉ ተደወለ።