የኋላ ጠባቂው ምትክ

አንድ ሰው አለ፤ ስሙን አልጽፍም። የማልጽፈው አዝኜለት አይደለም፤ ስሙ በእኔ እጅ ተጽፎ እንዲቀመጥ ስለማልፈልግ ነው። ያደረገኝን ግን እጽፋለሁ። ያደረግሁበትንም እጽፋለሁ።

ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። አዳማ ያኔ ጣቢያው፣ ገበያው፣ የግሪኮቹና የአረቦቹ ሱቆች ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ ነው። እኔ ጣቢያው ውስጥ ለባቡሩ ውሃ እሞላ ነበር። እሱ ገበያ ውስጥ የአንድ ቆዳ ነጋዴ ተላላኪ ነበር። ከአንዲት ባልቴት ግቢ ጎጆ ተከራይተን አብረን እንኖራለን። በአንድ ቁርበት ላይ ተኝተናል፣ ከአንድ ገበታ በልተናል። ወባ ጥሎት ሲንቀጠቀጥ ደግፌ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አዎ፣ ውለታ እየቆጠርኩ ነው።

ሁለታችንም የገና ጨዋታ እንወድ ነበር። በአገሩ ሁሉ ሰው ገናን የሚጫወተው በዓሉ ሲቃረብ ነው፤ በእኛ ከተማ ግን የቀረጥ ኬላው ሹም የነበሩት ግራዝማች የራሳቸው ተጫዋቾች ነበሯቸው። ለእነዚያ ሰዎች ጨዋታው እንጀራቸው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከግራዝማች ቤት ይበላሉ፣ ልብሳቸውን ግራዝማች ያለብሷቸዋል፣ ወሩ ሲደርስ ሞጆና ቢሾፍቱ ድረስ እየሄዱ የሌላውን ጌታ ሰዎች ይገጥማሉ። ከእነሱ መሐል መግባት ማለት ለእኔ ከውሃ ባልዲ፣ ለእሱም ከቆዳ ሽታ መገላገል ማለት ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የኋላ ጠባቂያቸው ጉልበቱን ያመው ጀመር። ምትክ ይፈለጋል ተባለ። የኋላ ጠባቂ ማለት ሌላው ሁሉ መሐል ሜዳ ላይ ዱላ ለዱላ ሲማታ ብቻውን ርቆ የሚቆም ሰው ነው። ሩሯ፣ የጨዋታው ኳስ፣ ከግርግሩ አምልጣ ስትመጣ የሚመልሳት እሱ ነው። እኛ ጋ ሩሯ ከጠፍር የተጎነጎነች ነበረች፤ ከፍ ብላ ከተለጋች የአዳማ ነፋስ ይይዛታል፣ እዚህ ስትጠብቃት እዚያ ትወድቃለች። ቦታው ትዕግሥት ይፈልጋል። ደህና ሲሠራ ማንም አያየውም፤ ሲሳሳት ግን የማያየው የለም።

ለምትክነቱ የታሰብነው ሦስት ነበርን። እኔ፣ አብሮኝ የሚኖረው ሰውና ከቦሰት ተራራ ግርጌ የመጣ አንድ ገበሬ። ገበሬው ረጅም፣ ዝምተኛ ኦሮሞ ነው፤ ሩሯ ገና ከዱላ ስትነሳ የት እንደምትወርድ ያውቅና ሳይሮጥ፣ በእርምጃ ሄዶ ይጠብቃታል። ከሦስታችን እሱ እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። እኔም ግን ደህና ነበርኩ። አብሮኝ የሚኖረው ሰው በጉልበት ከሁለታችንም ይበልጣል፤ ችግሩ መታየት ይወዳል። ሰው ሲበዛ ቦታውን እየለቀቀ ወደ መሐል ይሳባል። ይህን ጠባዩን ከእኔ በቀር ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

አለቃው፣ ተጫዋቾቹን የሚመራው አሮጌ ወታደር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳ እንድንመጣ ነገረን። ግራዝማችም መጥተው ያዩናል። ቅዳሜ ማታ አብሮኝ የሚኖረው ሰው ከገበያ ገባና፣

«የነገው ቀርቷል» አለኝ። «ግራዝማች ወደ ቢሾፍቱ ወጥተዋል። ለሚቀጥለው እሑድ ነው ተባለ።»

«ማን አለ?»

«አለቃው ራሱ። አሁን ከገበያ ስመለስ ነገረኝ።»

አመንኩት። ምን ብዬ እጠራጠራለሁ? በማግስቱ ሥራ ገባሁ። የዕቃ ባቡሩን ውሃ እያጠጣሁ ሳለ ከሐዲዱ ማዶ የሰው ጩኸት ሰማሁ። መጀመሪያ ሠርግ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ሰማሁ። ልብሴ እንደረጠበ ዱላዬ ወደተቀመጠበት ሮጬ አንስቼ ሜዳው ስደርስ ሁሉም አልቋል። ግራዝማች በቅሏቸው ላይ ሊወጡ ነው። አብሮኝ የሚኖረው ሰው ኩታ ተደርቦለት አጠገባቸው ቆሟል።

አለቃው ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠ።

«ደፍረህ መጣህ?» አለ።

«ጌታዬ፣ ቀርቷል ብለውኝ...»

«የግራዝማች ሰዎች ለሆዳቸው ሲሉ የሚጫወቱ ሆዳሞች ናቸው፣ እኔ ከእነሱ ጋር አልቆምም ያልከው አንተ አይደለህም?»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ወደ ባለኩታው ዞርኩ። እሱ መሬት መሬት ያያል። ግራዝማች አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ «ዱላውን ተቀበሉት» ብቻ አሉ። ዱላዬ ከወይራ የቆረጥኩት፣ ጫፉን በእሳት አለዝቤ ያጎበጥኩት፣ ቅቤ እየቀባሁ ያሳመርኩት ነበር። ለዚያ ሰው ሰጡት። በጉልበቱ ላይ አድርጎ ሁለት ቦታ ሰበረው። ሰዉ ሳቀ። ለረጅም ጊዜ፣ ባቡሩ ሲያፏጭ እንኳ ያ ሳቅ ይሰማኝ ነበር።

ወደ ጣቢያው ስመለስ የቦሰቱ ገበሬ ተከተለኝ።

«ኦቦሌሳ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። «እኔንም ትናንት ገበያ ላይ ቀርቷል ብሎኛል። እኔ ግን ከሩቅ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ወደ ቤቴ ከመመለሴ በፊት አለቃውን ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ። አልቀረም አለኝ።»

«ታዲያ ስሰደብ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ ሳትመጣ ተናግሬያለሁ። ሰውየው ዋሽቶታል አልኩ። አማርኛዬን ሳቁበት፤ ጨዋታዬንም ሳያዩ እሱን መረጡ።»

ያን ቀን ከጎጆው ዕቃዬን አወጣሁ። ያ ሰውም በዚያው ሳምንት ግራዝማች ግቢ ገባ። እኔ እንቅልፍ አጥቼ የማስበው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እግሩን። በገና ጨዋታ ዱላ እግር ቢያገኝ ካሣ የለም፣ ክስ የለም። ቅልጥሙ የት ጋ ቢመታ እንደማይጠገን ሳይቀር አስቤ ነበር።

ለዚህ ግን ከእሱ ጋር አንድ ሜዳ መቆም ያስፈልጋል። ሞጆ ውስጥ ተጫዋቾች የሚያበላ አንድ እህል ነጋዴ ነበር፤ ከግራዝማች ጋር በቀረጥ ነገር አይዋደዱም። ከቦሰቱ ገበሬ ጋር ሄድን። ነጋዴው ስንጫወት አየንና ሁለታችንንም ተቀበለን። የባቡሩ ነጂዎች ስለሚያውቁኝ እሑድ እሑድ በዕቃ ባቡር ላይ ተንጠልጥዬ ሞጆ እሄዳለሁ፤ ገበሬው በፈረሱ ይመጣል። እሱ ከኋላ ቆመ፣ እኔ ከፊት። በሌላው ቀን ሥራ ስጨርስ ከጣቢያው ጀርባ ብቻዬን ሩር ወደ ላይ እለጋለሁ። ነፋሱ ጠዋት ስንት እንደሚወስዳት፣ ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሚወስዳት እጄ እስኪለምደው ለጋሁ።

ዓመቱ ዞረና የሞጆ ሰዎች አዳማ ላይ ከግራዝማች ሰዎች ጋር ሊገጥሙ ተቀጣጠሩ። የቀድሞው የኋላ ጠባቂ ጉልበቱ ጨርሶ እምቢ ብሎት ስለነበር ቦታው ላይ የሚቆመው ያ ሰው ነው። በዋዜማው ሐሳቤን ለቦሰቱ ገበሬ ነገርኩት።

«እግሩን እሰብረዋለሁ።»

ፈረሱን እያሻሸ ሰማኝ። ከዚያ፣

«እግሩ ከተሰበረ ያዝኑለታል» አለኝ። «ግራዝማች ይጦሩታል። ሴቶቹ ገንፎ ይወስዱለታል። አንተ እንዲታዘንለት ነው የምትፈልገው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይሳቁበት።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ምክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በበዓሉ ዕለት ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ግራዝማች ድንኳን አስተክለው ከእመቤቲቱ ጋር ተቀምጠዋል። ያ ሰው አዲስ ኩታ በወገቡ ታጥቆ ከኋላ ቆሟል። እኔን ሲያይ አንገቱን ቀለስ አደረገ፤ ሰላምታ ይሁን ፍርሃት አላወቅሁም።

መጀመሪያ ላይ ወደ እሱ አንዲትም ሩር አልላክሁም። እየሰለቸው እንዲሄድ ነው። ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ግራዝማች መሐል ሜዳ ያሉትን ሲያሞግሱ፣ እንዳሰብኩት ትንሽ በትንሽ ወደፊት ተሳበ። ድንኳኑ ፊት ለፊት እስኪደርስ ታገስኩት። ከዚያ ሩሯን ከግርግሩ አወጣሁና ከሥሯ ገብቼ ወደ ሰማይ ለጋኋት።

ቀና አለ። ልክ ከፊቱ የምትወርድ መስሎት እጁን ዘርግቶ ወደፊት ሮጠ። ነፋሱ ይዟት ከራሱ በላይ አለፈች። ሲዞር እግሩ ተጠላለፈና በቂጡ ተቀመጠ። ሩሯ ብቻዋን እየነጠረች ከድንበራቸው አለፈች።

ሰዉ ሳቀ። ያንን ሳቅ በአጥንቴ ነው የሰማሁት።

አለቃው ወደ ቦታው እንዲመለስ ጮኸበት። ተመለሰ። እኔም ታገስኩ። ጥቂት ቆይቶ ስሙን ሊያድስ ፈልጎ ነው መሰለኝ እንደገና ወደፊት መጣ። እንደገና ከራሱ በላይ አሳለፍኩበት። ሦስተኛው ላይ ፈርቶ ርቆ ቆመ፤ ያኔ ሩሯን በምድር አንከባልዬ ባዶ በተወው ሜዳ ወሰድኳት። እስከ ማምሻው ድረስ አሮጥኩት። ኩታው ተፈትቶ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር። ደክሞት ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት አጠገቡ አልፌ፣ «ምነው፣ ወባው ተነሳብህ?» አልኩት።

አሸነፍን። የገና ደንብ ነውና ያሸነፈ ያሻውን ይዘፍናል፣ ጌታም ቢሆን አይቆጣም። ጓደኞቼ ሲያጨበጭቡ ድንኳኑ ፊት ቆሜ፣ ጣቴን ወደ እሱ ቀስሬ፣

«ጨዋታው ቀርቷል ያልከኝ በጎጆ ቤቴ፣
ዛሬስ ቀርቶ ነበር? ንገረኝ በሞቴ»

አልኩ። ሰዉ ተቀበለኝ። ደጋግመን አልነው። ግራዝማች እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙን።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አሉ።

እኔ ከመናገሬ በፊት የቦሰቱ ገበሬ ወደፊት ወጣ።

«ጌታዬ፣ አምና በአማርኛ ነገርኳችሁ፤ ሳቃችሁ። ዛሬ በቋንቋዬ ልናገር።»

ግራዝማች እዚያው አገር ያደጉ ናቸውና ኦሮምኛ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሰውየው ረጋ ብሎ፣ ሁሉንም ከገበያው ጀምሮ ነገራቸው። ግራዝማች አለቃውን አዩት። አለቃው፣ «እውነት ነው፣ ይህ ገበሬ አምና በዋዜማው ቅዳሜ ማታ መጥቶ ቀርቷል ወይ ብሎ ጠይቆኛል» አለ፤ ድምፁ አይሰማም። ግራዝማች ያን ሰው ጠርተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከቤቴ እህል አትቀምስም» አሉት። ኩታውንም ከወገቡ አስፈቱት። በተሰበሰበው ሰው መሐል ሲወጣ መንገድ ከፈቱለት፤ ማንም አልነካውም። የቆምኩት በሚያልፍበት በኩል ነበር። እንዲያየኝ ነው።

ከዚያ ግራዝማች ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ በድለንሃል። ና ከእኔ ጋር ሁን። ቦታው ያንተ ነው።»

አምና ለዚህ ቃል ነፍሴን እሰጥ ነበር። እጅ ነሳሁና፣

«ግራዝማች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ሆዳም እንዳይሉኝ እፈራለሁ» አልኳቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ግራዝማችን አዩ። እመቤቲቱ ብቻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አየሁ። የግራዝማች ፊት ቀላ፤ ቢሆንም ቀኑ ገና ነው፣ ምንም ሊሉኝ አይችሉም።

ያ ሰው በኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። ወንበር ሰጥቼ፣ ጠላ ቀድቼ አስተናገድኳቸው። «ዕርቅ አውርድ» አሉኝ። «ለእናንተ ስል አልመታውም» አልኩ። ከዚህ በላይ ከአፌ ሊያወጡ አልቻሉም። ባልቴቷ ሳይቀሩ መጥተው፣ «ልጄ፣ ቂም ሰውን ያከሳል» አሉኝ። እኔ ግን ያን ዓመት ወፍሬ ነበር።

ቆዳ ነጋዴውም መልሶ አልወሰደውም። ገበያ በወጣ ቁጥር ዘፈኑን እየሰማ መኖር አልሆነለትም መሰለኝ፣ ወደ ድሬዳዋ ሊሄድ በዕቃ ባቡር ተሳፈረ። የተሳፈረበትን ባቡር ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል እያየኝ፣ «ደህና ሁን» አለ። ሰምቼዋለሁ። ቧንቧውን ዘጋሁ፣ ለነጂው በእጄ ምልክት ሰጠሁና ወደሚቀጥለው ሥራዬ ሄድኩ።

የቦሰቱ ገበሬ ለብዙ ጊዜ የሞጆ የኋላ ጠባቂ ሆኖ ቆየ፤ ልጄን ክርስትና ሳስነሳ ጊደር ይዞልኝ መጣ። ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው መጨረሻ ላይ ጸጸት ይጠብቃሉ። ልጆቼም ይጠብቃሉ። ፊቴን ያዩና፣ «አባዬ፣ አሁንስ?» ይሉኛል። አሁንም ያው ነኝ።