ቀንዱን የሚስለው በሬ

ወጌሻ ሆኖ መኖር ያደክማል። የሚያደክመው አጥንት መጠገኑ አይደለም፣ ቁስል መስፋቱም አይደለም፤ ምስክርነቱ ነው። በእኛ በአምበር ዙሪያ ሰው ፊቱ ላይ ተቆርጦ ጠብ ከተነሣ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ መጀመሪያ የሚያስጠራው ቁስሉን የሰፋውን ወጌሻ ነው። «በምን ቆሰለ? ጠባሳው ይጠፋል ወይስ ይቀራል?» ይሉታል። እሱ ካለ አለ ነው። ለዚህ ነው አባቴ ሙያውን ሲያስተምረኝ «‹በምን?› ሳትል መርፌ እንዳታነሣ» ያለኝ። ብረት ሌላ ነው፣ ቀንድ ሌላ ነው፣ ድንጋይ ሌላ ነው። «ቁስል አይዋሽም፤ አንተም አትዋሽበት» ይለኝ ነበር። አባቴ ጣሊያንን ሳያይ ሞተ፤ ታድሎ!

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ ሲደላደል በእኛም በኩል ምሽግ ሠራ። አንድ ማለዳ የአገራችንን አንድ ገበሬ፣ ገና ጎልማሳ ነው፣ ጉንጩን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ።

«በምን?» አልኩት።

«ጥይት ጨረፈኝ» አለ። ከአርበኞች ጋር ውሎ ነው።

ጥይቱ ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ዳር ሥጋውን እንደ ትልም ቀዶታል። በጨው ውሃ አጠብኩት፣ በፈረስ ጭራ ሰፋሁት፣ ማር ቀባሁት። እንዴት ያለ ስፌት መሰላችሁ! እኔው ራሴ ደጋግሜ አየሁት።

ቁስሉ ሽሮ ገበያ መውጣት ሲጀምር ያዙት። ጠባሳው አሳብቆበት ነው። የጣሊያኑ ሹም እኔንም አስጠራኝ። አጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለጣሊያን ያደረው የእኛው ጭቃ ሹም። ሰውየው እጁን ታስሮ፣ «በሬ ነው የወጋኝ» ብሎ ኖሯል። ጣሊያኑ ሞኝ አልነበረም። የቀንድ ቁስል ይተለተላል እንጂ እንዲህ ቀጥ አይልም አለ። እውነቱን ነበር። ስገባ ደጁ ላይ የተሰቀለ ገመድ አይቻለሁና ለማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ወንጌል አምጥተው «ማል» አሉኝ፤ መትቼ ማልኩ።

«ጌታዬ፣ ቀንዱን ድንጋይ ላይ የሚስል በሬ አለ» አልኩ። «እሱ ሲወጋ እንደ ቢላ ነው የሚቀደው፣ ቀጥ አድርጎ። ስሰፋው የኖርኩት ነው።»

እንዲህ ያለ በሬ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ከየት እንደመጣልኝ እግዜር ይወቀው። ጣሊያኑ ጠባሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ለቀቀው። ሰውየው መንገድ ላይ እግሬ ሥር ወድቆ አለቀሰ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ! ሰው አዳንኩ ብዬ ያን ሰሞን ደረቴን ነፍቼ ነው የሄድኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን መቼ አሰብኩት።

በዓመቱ የዚያው ሰው ሚስት ብቻዋን መጣች። ሻሿን ስትገልጠው ጉንጯ ከጆሮዋ ሥር እስከ ከንፈሯ ተተርትሯል።

«በምን?» አልኳት።

«በቢላ። እሱ ነው» አለች። አላለቀሰችም። ስሰፋት ዓይኗን ከቤቴ ምሰሶ አልነቀለችም፤ ስጨርስ ብቻ፣ «በሽማግሌ ፊት ይመሰክሩልኛል አያ?» አለችኝ።

«ምን ጥርጥር አለው፣ ልጄ» አልኳት። አፌን በቆረጠው!

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። ነገሩ ቀላል ነበር። በቢላ ከሆነ ፍቺዋን አግኝታ አባቷ ቤት ትገባለች፣ አደጋ ከሆነ ወደ ባሏ ትመለሳለች። ባሏ ተነሣና በሬ ነው የወጋት አለ። አንዱ ሽማግሌ ሳቀ፤ እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚቀድ ደግሞ ምን ዓይነት በሬ ነው አለው። ሰውየው አልሳቀም።

«ቀንዱን ድንጋይ ላይ የሚስለው በሬ ነዋ! እኔን የወጋኝ ያው በሬ። እኔን አትመኑኝ፤ ወጌሻው ወንጌል መትተው የመሰከሩለት ነው። እሳቸው ይጠየቁ» አለ። እኔ የሰፋሁትን ጉንጩንም ወደ እኔ አዞረልኝ።

የሳቀው ሽማግሌ ጭቃ ሹሙን ሰረቅ አድርጎ አየው። ጭቃ ሹሙ እዚያው መሃላቸው ተቀምጧል። «እንዲህ ያለ በሬ የለም» ካልኩ ምሽጉ ውስጥ የማልኩት በሐሰት ነው ማለት ነው፤ በማግስቱ ሰውየውም እኔም ገመዱ ላይ ነን። ይህን አውቆ ነው። ያተረፍኩለትን አንገት መልሶ መያዣ አደረገብኝ። አበስኩ ገበርኩ! ሽማግሌዎቹም ገብቷቸዋል፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

አሁን ይህን ስናገር ራሴን ነጻ ላወጣ አይደለም። ፈራሁ። ለእሱ ብቻ ብዬም አይደለም፤ ይበልጡን ለራሴ ነው የፈራሁት።

«በል እንጂ ተናገር፤ በምን ነው?» አለ ሰብሳቢው።

ቀና ስል እሷ እያየችኝ ነው።

«ዓይኔ ደክሟል፤ መለየት አልቻልኩም» አልኩ።

ምስክር ከሌለማ ምን ይደረግ፣ ታርቃ ትመለስ አሉ። በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ፣ «አያ፣ ነግሬዎት አልነበር?» አለችኝ። ባሏ ከፊት ከፊት እየሄደ ነበር፤ ተከተለችው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ምግብም አልተስማማኝም። ጣሊያን ለቆ መውጣቱን ስሰማ ሰው ሁሉ እልል ይላል፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከዚያ በዚያው ሳምንት ቤቷ ሄድኩ። ባሏ እርሻ ወርዷል። እሷ ደጅ ላይ ጎንበስ ብላ ስንዴ ታበጥራለች።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ የሚያስፈራኝ የለም» አልኳት። «ሁለቱንም ውሸቴን ሽማግሌ ፊት እናገራለሁ። ተነሺ እንሂድ።»

ቀና አለች። ከቅንድቧ በላይ ሌላ ጠባሳ አለ፣ አዲስ። በወፍራም የጥጥ ክር የተሰፋ፣ የቁስሉ ዳርና ዳር ያልገጠመ። ሙያ ክፉ ነው፣ ከሁሉ በፊት የታየኝ ስፌቱ ነው።

«ማነው እንዲህ ያበላሸው?» አልኩ።

«እኔው ነኝ የሰፋሁት፤ ውሃ ላይ እያየሁ።»

«ምነው እኔ ዘንድ ሳትመጪ?»

«ብመጣማ ‹በምን?› ይሉኝ ነበር» አለችና ስንዴዋን ማበጠር ቀጠለች።