ወንበሩን የለቀቀው እንጀራ አባት

መጀመሪያ ያየሁት ቦርሳውን ነው። አፈር የጠጣ ጋቢ የለበሰ አንድ ገበሬ ትከሻ ላይ ቢራቢሮ የታተመበት ሮዝ የተማሪ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ጊዜው ኅዳር 2008 ነው። የስሜን አጻጻፍ ለማስተካከል ቆሰበር ከተማ፣ ፍርድ ቤት ተራ እየጠበቅሁ ነበር።

ሰውየው እንግዳው ይባላል፤ ዘንገና አካባቢ ያርሳል። የቦርሳዋ ባለቤት ሶስና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቱን ተደግፋ ማስቲካ ታኝካለች። እናቷን ዘውድነሽን ሲያገባ ገና በዳዴ ትሄድ ነበር፤ ያሳደጋት እሱ ነው። አሁን ወላጅ አባቷ ቢሻው፣ የዳንግላ ነጋዴ፣ «ልጄ ከእኔ ጋር ትኑር» ብሎ ከሷል።

ችሎቱ ሊጀመር ሲል ቢሻው ገባ። እንግዳው ብድግ አለ።

«ኖር!»

በእኛ አገር ገቢው «በእግዜር» ይላል፣ የተነሣውም መልሶ ይቀመጣል። ቢሻው ግን በተለቀቀለት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እንግዳው ቦርሳውን አቅፎ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ገረመኝ፤ ከዚህ የባሰ የሚመጣ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ወጣቷ ዳኛ ወደ እሱ ዞረች። «አቶ እንግዳው፣ ልጅቷ ዳንግላ፣ አባቷ ዘንድ ብትኖር ቅር ይልዎታል?»

«እኔ ማን ነኝና ቅር የሚለኝ? አባቷ እሳቸው ናቸው።»

ይህን ብሎ ቢሻውን አየና ጠበቀ። ምን እንደሚጠብቅ እኔም አወቅሁ፤ «ኧረ ተው፣ ያሳደግሃት አንተ!» እንዲለው ነው። ያኔ እሱም «ኧረ እርስዎ» ይላል፤ እንዲህ ተከባብረው ተከባብረው ነገሩ መሀል ላይ ይወድቃል። ቢሻው ጫማውን ማየት ጀመረ።

«እኔ ቅር ይለኛል!» አለች ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው ዘውድነሽ ተነሥታ።

ዳኛዋ ሰማቻት። ግን ያሳደጋት ሰው አልተቃወመም፣ የዳንግላው ትምህርት ቤትም ይሻላል ተብሏል፤ እስከ ጥር ቀጠሮ ድረስ ሶስና አባቷ ዘንድ እንድትቆይ ታዘዘ።

ደጅ ወጣን። ዘውድነሽ ነጠላዋን ከአንገቷ ገፈፈች። «አንተ ሰውዬ! ጠላ ጋበዙህ ወይስ ልጅ ጠየቁህ? እሺ ሳትል ሦስቴ የምትለመንበት ቤት መሰለህ?»

«በአባትየው ፊት ምን ልበል ታዲያ?»

«አትሰጥም በል! አፍ የለህም?»

ቢሻው ሶስናን እጇን ይዞ ወደ ባጃጅ ወሰዳት። ሄዳ ሄዳ ዞረች።

«አባዬ፣ ቦርሳዬን ያዝልኝ። ማታ ትሰጠኛለህ።»

ማታ እንደማትመለስ የነገራት የለም። ባጃጇ ስትርቅ ዘውድነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ሸፈነች። እንግዳው ወደ እኔ መጣ።

«አንተ የተማርህ ትመስላለህ። ምን አጠፋሁ? ክብር ሰጠሁ እንጂ ልጅ ሰጠሁ?»

ዩኒቨርሲቲ የተማርሁትን ሁሉ በልቤ አገላበጥሁ። ያገኘሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ በጥር ሲጠየቁ ‹ቅር ይለኛል› ይበሉ።»

«እንዲህ ብቻ? ወላጁ እያየኝ?»

«እያየዎት።»

«ቅር…» አለና አፈረ። ደግሞ ሞከረ። «ቅር ይለ…» ራሱን ነቀነቀ። የቦርሳውን ዚፕ ከፈት አድርጎ አየና መልሶ ዘጋው። «ደብተሯ እዚህ ነው። ነገ በምን ትማራለች? ዳንግላ አደርሳለሁ። ግን ደጃቸውን ሳንኳኳ ‹ማን ነው?› ቢሉኝ፣ ማን ነኝ እላለሁ?»



ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ መናኸሪያው ወረደ። ከኋላው ስመለከት ቢራቢሮዋ በጋቢው ላይ ከፍ ዝቅ ትላለች። ጥቂት እንደሄደ ቆመ፣ ወደ ጎን ዞር ብሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ቃሉን እየሞከረ መንገዱን ቀጠለ።