መስኮቱ አጠገብ የቆምኩት

የልጅ ልጆቼ «አያቴ፣ የጤና ጣቢያውን ነገር ንገሪን እንጂ» እያሉ ሲወተውቱኝ ከረሙ። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለቀምኩት ቤተ ክርስቲያን ከመዝሙር ደብተር ነው። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ከሻንቶ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ጽዳት ነበርኩ። መድኃኒት የምትሰጠው ድራጊስት ከሩቅ አገር የተመደበች ልጅ ናት፤ ወላይትኛ አታውቅም። የገጠሩ ሰው ደግሞ አማርኛው «እሺ» ብቻ ነው። ታስረዳዋለች፣ እሺ ይላል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን «እማማ፣ እስኪ ይንገሩልኝ» አለችኝ። መጥረጊያዬን አስደግፌ መድኃኒት የምትሰጥበት መስኮት ጋ ቆምኩ፤ በዚያው ቀረሁ። ነግሬ ብቻ አልለቅም፤ «በል አሁን አንተ ንገረኝ» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ «ይቺ ሴትዮ ፈተና ጀመረች» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ።

«እማማ፣ እርስዎ ጽዳት ነዎት። ሁለተኛ መስኮቱ ጋ ካየሁዎት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው።»

«ታዲያ ለሰዉ ማን ይንገረው?»

«ማሸጊያው ላይ ተጽፏል።»

«ለማን ነው የተጻፈው?» አልኩት። ወደ ቢሮው ገባ።

እሺ ብዬ በረንዳውን መወልወል ያዝኩ። የወጣውን ሁሉ ግን እዚያው እጠይቃለሁ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ፣ የሽሮፕ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ሽሮፑ ገና ዱቄት ነው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ መስመሩ ይበጠበጣል። «እንዴት ልትሰጪው ነው?» ብላት «ዱቄቱን በማንኪያ አፉ ውስጥ» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ መለስኳት። ኃላፊው እዚያው ቆሟል።

«ምን ብዬዎት ነበር?»

«ጻፈው ልጄ። አንተ ጽፈህ እስክትጨርስ እኔ ነግሬ እጨርሳለሁ።»

ያቺ እናት ሦስት ጊዜ ደግማ እስክትነግረኝ አልተንቀሳቀስኩም። በማግስቱም ቆምኩ፣ በሳምንቱም። ደብዳቤ የሚባል አልመጣልኝም። ፈራኝ ብዬ ነበር፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው ጡረታ የወጣሁት።

መቼም እግሬ አያርፍም፤ ዛሬ ዲምቱ፣ ነገ ሶዶ፣ ዘመድ ስጠይቅ ነው የምውለው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሶዶ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ ያቺን ድራጊስት አገኘኋት። ደብዳቤው በማግስቱ ተጽፎ ነበር አለችኝ። «መስኮቱ ጋ እንድትቆም ያደረግኳት እኔ ነኝ» ብላ ደብዳቤውን ከእኔ ስም ወደ ራሷ ስም አስለውጣ ፈርማበታለች፤ የዚያ ዓመት የደረጃ እድገቷም በዚያ ደብዳቤ የተነሳ ቀርቷል።