በእልህ የሰጠሁት ጋቢ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ገና ጎህ ሲቀድ ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የተነሣሁት ስለቴን ላገባ ነው። አምና ልጄ ኦፕራሲዮን ስትደረግ፣ ከቡሬ ወዲያ በሚስቴ የትውልድ ቀበሌ ያለውን ሚካኤል፣ «እሷን አትርፍልኝ እንጂ ከሁሉ የምወደውን አመጣልሃለሁ» ብዬው ነበር። ልጄ ዳነች። ከሁሉ የምወደው ደግሞ ሚስቴ ከመሞቷ በፊት ፈትላ ያሠራችልኝ፣ ሦስት ዓመት ከትከሻዬ ያልወረደ ጋቢ ነው። እሱን መስጠት አልሆነልኝም። ባለዘርፍ ትልቅ ጃንጥላ ገዝቼ፣ ጋቢውን ደርቤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ማንኩሳ ላይ

ለበዓሉ ተብሎ ታሪፉ ላይ ሃያ ብር ተጨመረብን፤ እየተነጫነጭኩ ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ጃንጥላውን አይተው ምን ብዬ እንደተሳልኩ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው።

«ታዲያ አንተ ከሁሉ የምትወደው ጃንጥላ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጋቢዬን ሰብሰብ አድርጌ ፊቴን አዞርኩ። እስከ ቡሬ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ ቆየሁ።

ቡሬ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

መንገዱ ዳር የተሰጣው በርበሬ ቀልቶ፣ ከመኪና የሚወርደውን ሁሉ ያስነጥሳል። የነቀምቴን መንገድ ይዤ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ለአጨዳ የደረሰ ጤፍ ነበር፤ እኔ ግን ከሚካኤል ጋር እየተከራከርኩ ስለነበር ብዙም አላየሁትም። ሰው ሁሉ ሐዘን ወደ እግዚአብሔር ያቀርባል ይለኛል። እኔን ያቀረበኝ ከጋቢዬ ጋር ብቻ ነው፤ ይባስ ብሎ ቁጡ አደረገኝ። ሚስቴ መሄዷ ሳያንስ ጋቢዋም ይወሰድ? ንድድ አለኝ።

ደብሩ ግቢ

ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ደረስኩ። ጃንጥላውን ለስለት ተቀባዩ አስረከብኩ። ሰውዬው ሲመርቀኝ አፈርኩ፤ ከዚያም ተናደድኩ፤ ጋቢውን ገፍፌ፣ «ይኼንንም እንካ» አልኩት። ጽድቅ አስቤ አይደለም፤ በእልህ ነው።

ከንግሡ በኋላ የስለቱ ዕቃ ሁሉ በጨረታ ይሸጣል፤ የአገሩ ልማድ ነው። የጋቢዬ ተራ ሲደርስ የሚስቴ ታናሽ ወንድም ዳኘው ተጫረተ። ሌሎቹ እስኪተዉለት ዋጋ ጨመረ። ሴቶች እልል ሲሉ መጥቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።

«ስለቱ ገብቷል፣ ጋሼ። ደብሩም ገንዘቡን አግኝቷል። ልብስዎን ይልበሱ እንግዲህ» አለኝ።

የከበቡን ሁሉ ነውር እንደሌለው፣ ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ነገሩኝ። ጋቢው ሞቀኝ። አንድ እጄ ጫፉን ጨብጦ ነበር። ከዚያ አወለቅሁት።

«አልለብስም። ሰጥቻለሁ ካልኩ ሰጥቻለሁ» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ይኼ ትዕቢት ነው ብለው ገሠጹኝ። ትዕቢት ከሆነም ይሁን አልኳቸው። ዳኘው ጋቢውን አቅፎ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እኔ እኮ ከእህቴ እጅ አንዲት ክር አልቀረኝም። እርስዎ ሲያዝኑ እያየሁ እንዴት ልጠይቅዎ?» አለኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ ቤት ስገባ ስወጣ፣ ስለ ራሴ ሐዘን ብቻ ነበር የማወራው። እህቱ መሆኗን የማላውቅ ይመስል አንድ ቀን እንዴት ነህ ብዬው አላውቅም። ጋቢውን ከእጁ ተቀብዬ አለበስኩት።

ቤት

ማታ ፍኖተ ሰላም ስገባ ልጄ ባዶ ትከሻዬን አይታ ደነገጠች። አጎቷ ዘንድ እንዳለ ነገርኳት፤ ደስ አላት፤ እሱን ለማየትም ለገና ልትሄድ አሰበች። ቀለለኝ አልልም፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ሲበርደኝ አደርኩ። ሐዘን ሰውን ያንጻል የሚለኝን ሁሉ አሁንም እከራከረዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ጨብጬው ያተረፈልኝ ቁጣ ነው። ነገር ግን ባለበስኩት ጊዜ ዳኘው የእህቱን ጋቢ አፍንጫው ድረስ ስቦ፣ እንደ ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ። እኔም ያኔ ነው ሚስቴ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው ያለቀስኩት።